አሮጌ ሕንፃን ስለ ማደስ፦ ከገነተ ልዑል እስከ ሶዶ

አሮጌ ሕንፃ ይታደስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰፊ መስተዋት መግጠምንና የአየር ማቀዝቀዣ መትከልን ነው። ይህ አሳብ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ቤት ሆነ፤ ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኝበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ባለሥልጣኖች የተገደሉት በዚሁ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ያለ ጥናት የሚነካ አዳሽ መዝገብ እንደ ቀደደ ይቈጠራል።

ደግሞስ መንካቱ ለምን ያስፈልጋል? አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆያል፤ ከፍ ያለ መስኮትም ብርሃንና ነፋስ ያስገባል። እንግዲህ የሚቀድመው የሚያፈስ ጣሪያን መጠገን፣ ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር ማንጠፍ፣ የመስኮቱን ክፍተት መድፈንና አምፖሉን ጥቂት ኃይል በሚፈጅ መለወጥ ነው። መኪና የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን።

ይህ ትምህርት በዳሞታ ተራራ ግርጌ ላለነውም ይሠራል። የወላይታ ሣር ቤት በወፍራም ክዳኑ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲያችንም ሕንፃዎቹ ነገ አሮጌ ይሆናሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ጎረቤታችን ነው፤ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ በገጠር ብዙ ቤት ገና መብራት ሳያገኝ፣ የተማረ ሰው መስኮት ዘግቶ በቀን መብራት ቢያበራ ሊወቀስ ይገባዋል።