ኪቦርዱ ዝም ሲል

ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በስልክ የቀረጹትን አጭር ፊልም አዳራሽ ውስጥ አብረን አየን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ከገላባት ተሻግራ መተማ ዮሐንስ የገባች እናት ታሪክ ነው። ተዋናይቷ ጎበዝ ናት፤ ምስሉም ያምራል። ነገር ግን እናቲቱ ልጇ የት እንደቀረባት ስትናገር፣ ከሥር የገባው ኪቦርድ ድምጿን ዋጠው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አልሰማሁም ነበር።

ይህን የምለው ሥራውን ስለማከብር ነው። በፊልም ውስጥ ንግግር፣ የአካባቢ ድምፅ፣ የእግርና የዕቃ ድምፅ፣ ሙዚቃም አለ። ከእነዚህ የትኛው መቼ እንደሚቀድም፣ የትኛው መቼ ዝም እንደሚል መወሰን ነው ሳውንድ ዲዛይን የሚባለው። ለብዙዎቻችን ግን ሙዚቃ መደረብ ብቻ ይመስለናል። ሰው ሲያለቅስ ኪቦርድ፣ ሲጸልይ ኪቦርድ፣ ሲሞትም ኪቦርድ! ተመልካቹ ራሱ እንዳያዝን የፈራን ይመስል፣ ቀድመን እናለቅስለታለን።

ድምፅ መማር ለሚፈልግ ወጣት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ያድምጥ። ያለ አንዳች ምስል፣ ጉዱ ካሳ ሲናገርና ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ስማቸው ሳይጠራ እንለያቸዋለን። ወጋየሁ በፍጥነት፣ በትንፋሽ፣ በድምፅ ውፍረትና ቅጥነት ሰው ይሠራል። ከሁሉ በላይ ግን ያርፋል። አንድ ከባድ ነገር ተናግሮ ዝም ሲል፣ ነገሩ እኛ ውስጥ እስኪገባ ይጠብቃል። ፊልማችን ያጣው ይህን ዕረፍት ነው።

ሌላው ጉድለት ከቀረጻው ይጀምራል። ስልኩ ራቅ ብሎ ስለቆመ ከንግግሩ ይልቅ ባጃጁና ቬንትሌተሩ ጎልተዋል። መፍትሔው ውድ ማይክ አይደለም። ሁለተኛ ስልክ ከተዋናይቷ ደረት አጠገብ ደብቆ ድምፁን ብቻ መቅዳት፣ ሲጀመር አንዴ ማጨብጨብ፣ በኋላም ጭብጨባውን ይዞ ድምፁን ከምስሉ ጋር ማገጣጠም ይቻላል። ከቀረጻው ቦታ ሳይነሡም ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ መቅዳት ይጠቅማል፤ ንግግሩ የተቆረጠበትን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው።

የጎደለውን ድምፅ ደግሞ በእጅ መሥራት ይቻላል። ይህ ሙያ «ፎሊ» የሚባለው በሆሊውድ የእርምጃና የዕቃ ድምፅ ከምስሉ ጋር እኩል እየሠራ በሚያስቀዳው በጃክ ፎሊ ስም ነው። እኛም ጋ መሣሪያው ሞልቷል። በአጨዳ ጊዜ የደረቀ ሰሊጥ ሸራ ላይ ሲራገፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ካፊያ ይመስላችኋል። ከኢንተርኔት የወረደ የባዕድ አገር ዝናብ ከምናስገባ፣ ይህ ይሻለናል።

ልጆቹ ፊልሙን እንደገና ሊያቀናብሩት ነው። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ከዚያች ትዕይንት ላይ ኪቦርዱን አውጡት። በእኛ ድልድይ የተሻገሩ ብዙ እናቶች ሰሚ አጥተው ዝም ብለዋል። ቢያንስ በእኛ ፊልም ውስጥ፣ እናቲቱ የልጇን ስም ስትጠራ ያን ስም እንስማው።