ጥቁር ሽፋን፣ አንድ ደወል

ድምፃዊው የሞተበት የሮክ ባንድ ምን ያደርጋል? ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1980 ለንደን ውስጥ ሲሞት፣ የአውስትራሊያው ኤሲ/ዲሲ ብራያን ጆንሰንን ተክቶ በአምስት ወሩ «ባክ ኢን ብላክ»ን አወጣ። ችኮላ ይመስላል አይደል? አልበሙን ስትሰሙት ግን ሐዘኑ የት እንዳለ ይገባችኋል። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈን በደወል ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ሙሾ የለም። ጊታሩ ይነሳል፣ ከበሮው ይከተላል፤ በቃ ጭፈራ ነው። ጆንሰንም የሚጮኸው በራሱ ጉሮሮ ነው።

ለእኔ ከባዱ ጉዳት የመጣው ኋላ ነው። የባንዱን ምት በጊታሩ የሚይዘው ማልኮም ያንግ በመርሳት በሽታ ምክንያት በ2014 ባንዱን ተለየ፤ በ2017 አረፈ። ድምፃዊ ሲቀየር ማንም ያውቃል፤ ምት ያዢው ሲጎድል ግን ቤቱ ምሰሶውን ያጣል። ቦታውን የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያዘ።

የ2020ው «ፓወር አፕ» እንደ ድሮው አያስደነግጥም፤ ብዙ አዲስ ነገርም የለውም። ዘፈኖቹ ግን በሙሉ በማልኮምና በታናሽ ወንድሙ በአንገስ ስም ነው የወጡት። መጽናት ማለት እኮ ሟቹን መተካት ብቻ አይደለም፤ ድርሻውን አለመንጠቅም ነው።