‹‹ወደብ 25 ተዘግቷል››

ስለ ኢሜይል ሰርቨር የተጻፈ አንድ መመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ ተመለከትን። ከውጭ የሚመጣ መልእክት ሳይገባ ሲቀር ሠራተኛው የሚያነበው ማስታወቂያ ‹‹ወደብ 25 ተዘግቷል›› ይላል። ይህ ቃል በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ ከተማ ቢነበብ ምን ያሰማ ይሆን? ወረታ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናትና የአንባቢው ልብ የሚሄደው ወደ ኮንቴይነሩ ነው።

ስሕተቱ ግን በማሳቅ ብቻ አያበቃም። የእንግሊዝኛው ቃል መርከብ የሚያርፍበትንም፣ በርንም ያመለክታል። ለኮምፒዩተሩ ፍች የሚቀርበው በር ነው፤ ተርጓሚው ግን መርከቡን መረጠ። ለደብዳቤ ቅብብል የተመደበውን ቁጥር ‹‹በር 25›› ብንለው ማን ይቸገራል? ‹‹በር ተራ ቃል ነው›› የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ለእኛ ተራነቱ ሞገሱ ነው።

ከዚህ የከፋው ‹‹ተዘግቷል›› የሚለው ነው። እንግዳ ከገበሬው አጥር ውጭ ቆሞ ‹‹ቤቶች!›› ይላል። ወይ ፍጹም ዝም ይባላል፤ ወይ ከውስጥ ‹‹የሉም›› የሚል ድምፅ ይመለስለታል፤ ወይም ገብቶ ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ ‹‹ዛሬ አይመችም›› ይባላል። በሰርቨሩም ዘንድ እንዲሁ ነው። ዝምታ ከሆነ ማሽኑ ጠፍቷል፣ መሥመሩ ተቋርጧል ወይም ፋየርዎሉ ጥሪውን ውጦታል። ‹‹እምቢ›› የሚል ምላሽ ወዲያው ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፤ በበሩ ላይ የሚያዳምጠው የደብዳቤ ፕሮግራም ግን የለም። በሦስተኛው ግንኙነቱ ደኅና ነው፤ የተከለከለው መልእክቱ ነው። መመሪያው ሦስቱንም ‹‹ተዘግቷል›› ስለሚል፣ የወረታው ሠራተኛ ፋየርዎሉን መፈተሽ ሲገባው ደኅናውን ማሽን አጥፍቶ ያበራል፤ ወይም የቆመውን ፕሮግራም ማስነሣት ሲበቃው ስለ መሥመሩ አቤት ይላል።

‹‹ገቢ ግንኙነት›› የሚለውን አንነቅፍም፤ መዝገብ ቤቶቻችን ‹‹ገቢ ደብዳቤ›› ማለትን አስለምደውናል። ‹‹ሰርቨር››ንም በ‹‹አገልጋይ›› መተካት አያሻም፤ ያ ቃል ቤተ ክህነትን ያስታውሳል። ለመጀመሪያው ‹‹ምላሽ የለም››፣ ለሁለተኛው ‹‹በር 25 ላይ ተቀባይ የለም›› እንዲባል እናሳስባለን። ሦስተኛው ሁለት ቃል ይሻል። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የኢሜይል ሥርዓት በ4 የሚጀምሩትን ቁጥሮች ለጊዜያዊ፣ በ5 የሚጀምሩትን ለቋሚ እምቢታ መድቧልና፣ ለ421 ‹‹ቆይተው ይሞክሩ››፣ ለ550 ‹‹መልእክቱን አልተቀበለም›› ይበቃል። ተርጓሚው ቁጥሮቹን ጨርሶ ጥሏቸዋል። ሠራተኛው ለባለሙያው በስልክ የሚያነበው እነርሱን ነውና ከአማርኛው ጎን ይጻፉ።