የዞረው መንገድ ሆቴል

«ሳይኮ»ን ቢላዋና ደም ብቻ አድርገው የሚያወሩ ጓደኞቻችን መንገዱን ረሱት። ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. በ800,000 ዶላር ገደማ፣ በቴሌቪዥን ሠራተኞቹ፣ በጥቁርና ነጭ የሠራው ፊልም ነው። የኖርማን ቤትስ ሆቴል ባዶ የቀረው አውራ ጎዳናው ወደ ሌላ ስለዞረ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ጫጫታ ወጥቶ አንኮበር ያደረ ሰው ይህ ጸጥታ ይገባዋል። እኛ ዘንድ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ» ያለ አይመለስም። ኖርማንም እኮ ለማሪዮን ሳንድዊችና ወተት አቅርቦላታል! ያበላት እጅ ነው የወጋት። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደምማ የቸኮላታ ሽሮፕ ነው። መጨረሻው ግን ተበላሽቷል። ሐኪሙ ተነሥቶ የልጁን በሽታ እንደ ሌክቸር ይተነትንብናል። ምን አገባው? ኖርማን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፈገግ ሲል ማየቱ ብቻውን ይበቃን ነበር።