ሴረሙ ሲቀላ

በጋምቤላ ክልል፣ ዲማ ወረዳ፣ ወርቅ ፍለጋ የመጣ ሰው አሸዋ ሲያጥብ ይውላል። ሲመሽ ትንኟ ትመጣለች። ትኩሳት ይዞት ላቦራቶሪ ሲደርስ ባለሙያው ጣቱን ወግቶ ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ቅብ ያዘጋጃል፣ በጊምሳ ያቀልማል፣ ቀለበት መሳዩን የወባ ተውሳክ ይፈልጋል።

እዚያችው ጠብታ ውስጥ ማይክሮስኮፕ የማያሳየው ነገር አለ። ማይክሮ አርኤንኤ ይባላል፤ ርዝመቱ 22 ፊደል ያህል ብቻ ነው። መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ ፕሮቲን እንዳይሠራ ይገታል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ትንሽ ትል ላይ አገኙት፤ በ2024 ኖቤል ተሸለሙበት።

አብዛኛው ማይክሮ አርኤንኤ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ኒውክሊየስ ውስጥ ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም ከረጅሙ ክር 70 ፊደል ያህል ያለው፣ በራሱ ላይ የታጠፈ ቁራጭ ያወጣል። ቁራጩ ከኒውክሊየስ ሲወጣ ዳይሰር መታጠፊያውን ይቆርጠዋል፤ ከቀሩት ሁለት ክሮች አንዱን አርጎኖት የተባለው ፕሮቲን ይይዛል።

በቀይ የደም ሴል ውስጥ የበዛው ማይክሮ አርኤንኤ 451 ግን በዚህ መንገድ አያልፍም። ድሮሻ የሚያወጣው ቁራጭ 42 ፊደል ስለሆነ ለዳይሰር ያጥራል፤ አርጎኖት 2 ራሱ ይቆርጠዋል። ይህ የታወቀው በ2010 ነው። ቀይ ሴል ኒውክሊየሱን ከመጣሉ በፊት የሰነቀው ስንቅ ነው ማለት ይቻላል።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ዳይሰርም አርጎኖትም የለውም። ሆኖም በ2012 የወጣ ጥናት የማጭድ ቅርጽ ሴል በሽታ ዘረመል ካላቸው ሰዎች ቀይ ሴል ውስጥ 451 ወደ ተውሳኩ ገብቶ፣ ከተውሳኩ መልእክተኛ አርኤንኤ ጋር ተጣብቆ እድገቱን እንደሚገታ አሳየ። ይህን ያነበበ የላቦራቶሪ ሰው ስላይዱን እንደ ድሮው አያየውም።

ማይክሮ አርኤንኤን ከደም ለመለካት ሲፈለግ ግን ሙያው የሚፈተነው ናሙና አያያዝ ላይ ነው። በባዶ እጅ ቆዳ ላይ ያለው ኢንዛይም አርኤንኤን ይበላል፤ ጓንት ግድ ነው። የቆላው ሙቀትም ጊዜ አይሰጥም። ከሁሉ የሚከፋው የቀይ ሴል መፍረስ ነው፦ መርፌው ቀጭን ከሆነ ወይም ቱቦው ከተናጠ 451 ወደ ሴረሙ፣ ማለትም ከደም ሴሎች ወደሚለየው ፈሳሽ፣ ይፈስና በሽታ የጨመረው ይመስላል። ዓይን የማይለየውን መፍረስ በ414 ናኖሜትር ብርሃን መለካት ያሳያል።

በወባ ታማሚ ላይ ደግሞ ተውሳኩ ራሱ ቀይ ሴል ያፈርሳል። ስለዚህ ሴረሙ ቀልቶ ሲገኝ ባለሙያው ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ ይህ ቅላት ከመርፌው ነው ወይስ ከወባው ብሎ ይጠይቃል፤ ደሙ እንዴት እንደተቀዳም በመዝገቡ ላይ ይጽፋል።