«ማኅበር መጠጣት»፦ የመንበሩና የቤቱ ጽዋ

በአማርኛ ሰው የማኅበር አባል መሆኑን ሲናገር «ማኅበር እጠጣለሁ» ይላል። «የሚካኤልን ማኅበር እጠጣለሁ» ያለን ሰው የሚነግረን ስለ ጥሙ አይደለም፤ በየወሩ በ12 ከእነማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ቢታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ቢሞት ማን ሬሳውን እንደሚሸኝ ነው። ይህን አነጋገር የልማድ ቅሪት ብቻ አድርገው የሚያልፉት ጸሐፊዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። በውስጡ ሥነ መለኮት አለ።

የመንበሩን ጽዋ እናስቀድም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኅብስቱና ወይኑ የሚሰናዱት በቤተ ልሔም ነው፤ ስሙ በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። ኅብስቱ እርሾ ገብቶበት ለዕለቱ ይጋገራል። ወይኑ ግን በጋን ተጠንስሶ የከረመ መጠጥ አይደለም፤ ዘቢብ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይጨመቃል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሩ ቆይቶ ያየውን ሲጽፍ ይህን የዘቢብ ወይን ሳይጠቅሰው አላለፈም። መጽሐፉ የታተመው በ1540 ነው።

የወይን ተክል እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ዘቢብ የብልሃት መፍትሔ እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ብልሃቱ ያስከተለው ነገር ነው። ከመንበሩ የሚቀርበው ጽዋ አያሰክርም፤ ምእመኑም የሚቀበለው ጾሞ ነው፣ ያውም በዕርፈ መስቀል፣ በጭልፋ እንኳ በማይለካ መጠን። ታዲያ መዝሙረኛው የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል ያለው ወይን፣ የቃና ሰርግ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች፣ ያ ሁሉ ሙላት የት ሄደ? መልሴ፦ ወደ ጠላው ሄደ። ቃና ዘገሊላ የሚከበረው ጥር 12 ነው፤ ዕለቱም የሚካኤል ነው። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ ጋኑ ይከፈታል።

የማኅበሩ ዕቃም «ጽዋ» ይባላል፤ ይህ የስም መገጣጠም አይደለም። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ከጽዋው ለሁሉም ይደርሳል፣ ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ ተረኛውን ይጠራል። ያልተጠራ እንግዳና በር ላይ የቆመ ነዳይ ከጸበል ጸዲቁ ይካፈላሉ። በመንበሩ ኅብስቱ ይፈተታል፣ በቤት ዳቦው ይቆረሳል፤ ቋንቋው ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል፣ አያፋታቸውም ግን። በመጀመሪያው የክርስትና ዘመን ምእመናን ከቁርባኑ ጋር አብረው ይመገቡ ነበር። በቆሮንቶስ አንዱ እየሰከረ ሌላው ሲራብ ጳውሎስ አጥብቆ ገሠጻቸው። በኋላ የፍቅር ማዕዱ ከቁርባኑ ተለየ፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ደብዝዞ ቀረ። የእኛ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ያን ማዕድ በተግባር አቆይተዋል።

የኦርቶዶክስ መምህሩ አሌክሳንደር ሽሜማን «ለዓለም ሕይወት» በተሰኘው መጽሐፉ ሰውን የተራበ ፍጥረት፣ ዓለምንም ለእርሱ የተዘረጋ ማዕድ አድርጎ ያያል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ቢሆንም የእርሱ ማዕድ ዓለምን ሁሉ የሚያህል በመሆኑ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ይርቀናል። የተአምረ ማርያሙ በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ የዳነው በእመቤታችን ስም ለአንድ የተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። የአገሬው ሥነ መለኮት በዚህ መጠን ነው የሚለካው፤ ጥርኝ ውሃ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ ጽዋ፣ ስሙ የሚታወቅ ጎረቤት።

ጾሙም የዚህ አካል ነው። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ዝክሩ በሽሮና በክክ ይዘከራል፤ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቅቤ አይታሰብም። ስለዚህ ማዕዱ ሆድን ለማስደሰት ብቻ የተዘረጋ ነው ማለት አይቻልም።

የሚያሳስበኝ የዛሬው ነው። በየከተማው ብዙ ማኅበር የድግስ ውድድር ሆኗል። በጋኑ ፋንታ የቢራ ሣጥን ይደረደራል፣ ወጡ በዓይነት ይቆጠራል፣ ተራው የደረሰ ይበደራል፣ አቅም ያጣው ደግሞ ሰበብ ፈጥሮ ይወጣል። ቢራው ራሱ ኃጢአት ነው አልልም። ያ የወጣው አባል ግን የቆሮንቶሱ ረሃብተኛ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የተራበው ከማዕዱ ርቆ መሆኑ ብቻ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ጽዋው ከሀብታሙ ቤት ተነሥቶ ወደ ድሃዋ ቤት ይሄድ ነበር። እርሷም ከዳቦው ጋር ተቀብላ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ማኅበርተኛው እየሸኛት ወደ ቤቷ ትገባ ነበር፤ በወሩ ማኅበርተኛው ሁሉ ዝቅ ብሎ በእርሷ በር ይገባል።