የበለድ መስኮቶች፦ ከውጭ ሲታዩና ከውስጥ ሲታዩ

ጅዳ በለድ የሄዳችሁ እህቶቼ ሁሉ ሮሻንን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ከስሩ ቆማችሁ ፎቶ ተነስታችኋል። ከግድግዳው ወጣ ብሎ ሳጥን የመሰለው፣ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ በቀዳዳ በቀዳዳ የተፈለፈለው የእንጨት መስኮት ነው። ሲበዛ ረዋሺን ይባላል። ያየው ሰው ሁሉ “ያምራል” ይላል። እኔም ያምራል እላለሁ። ግን “ያምራል” ብሎ ማለፍ ሥራን መመዘን አይደለም። እኛ የምንውለው የምናድረው በሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ስለ በር፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ደረጃ ከማን እናንሳለን? ስለዚህ ሮሻንን እንደ አንድ ሥራ ልመዝነው ነው።

ሚዛኔን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። አጎቴ ኮምቦልቻ አናጢ ነው። አስረኛ ክፍል ጨርሼ እስክመጣ ድረስ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የሰፈሩ ወንድ ሥራ ሲፈታ እዚያው ሰጋቱራው ላይ ተቀምጦ ይከራከራል። ዋንዛ ይሻላል ወይስ ባሕር ዛፍ? በር በሚስማር ይመታል ወይስ በጥርስ ይጋጠማል? አጎቴ “ሚስማር የሰነፍ ኮላ ነው” ይላል። ጓደኛው ደግሞ “ደንበኛ ወር አይጠብቅህም፣ ምታና አስረክብ” ይለዋል። ከእንጨት ወደ ኑሮ ይሻገራሉ፤ የጤፍ ዋጋ፣ የልጅ ትምህርት፣ አረብ አገር ያለች ልጅ የላከችው ብር በማን እጅ ይቀመጥ። በዚህኛው ላይ እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ስሰማ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ያለኝ የለም። ቢሆንም ስለ እንጨት የማውቀውን የተማርኩት እዚያ ነው።

የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይንቀሳቀሳል። በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሰፊ ጣውላ አራቱንም ጎን በሚስማር ጠርቃችሁ ብትይዙት ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ብልህ አናጢ ጠንካራ ፍሬም ይሠራል፤ ፍሬሙን ከውስጥ በመሮ ቦይ ያወጣለታል፤ ትንሹን ጣውላ ያለ ኮላ ቦዩ ውስጥ ይሰካዋል። ጣውላው እንደፈለገ ያብጣል፣ እንደፈለገ ይሰበሰባል፤ ፍሬሙ አይነካም።

አሁን ወደ ጅዳ ልመልሳችሁ። ጅዳ ባሕሩ ዳር ናት፤ እርጥበቷን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ልብስ አስጥታችሁበታል። ሮሻንን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ትልቅ የሚመስለው መስኮት የተሠራው ከብዙ ትንንሽ ጣውላ ነው። እያንዳንዱ በፍሬም ውስጥ ነው። አንዱ ወንዴ ሌላው ሴቴ ሆኖ ይጋጠማል። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ቲክ ነው፤ ተፈጥሮው ቅባት ስላለው ምስጥና እርጥበት ቶሎ አይበግረውም። እዚህ አገር ቲክ አይበቅልም፤ ከሕንድና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር በመርከብ ነው የመጣው። እንጨት እንደዚህ ውድ በሆነበት አገር ቁራጭ መጣል አይቻልም። ያ ሁሉ ጌጥ ከትንሽ ቁራጭ መሠራቱ ለውበት ብቻ አይመስለኝም፤ ብልሃትም ቁጠባም ነው። አጎቴ ቢያየው ግማሽ ቀን ከስሩ የሚነሳ አይመስለኝም። በእጅ ሥራው በኩል እንግዲህ ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ።

በአገልግሎቱም ጥሩ ነው። ኤሲ ሳይመጣ በፊት ቤቱን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነበር። ንፋሱ በቀዳዳው ይገባል፣ ፀሐዩ ይቀራል። ውስጡ መቀመጫ አለው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ሌሊትም ይተኛበታል። የውሃ ጋን ንፋሱ ላይ ያስቀምጡበታል፤ ልክ እንደ እኛ እንስራ ውሃው ይቀዘቅዛል። ዛሬ ብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ ሮሻን የሚመስል ጌጥ አለ፤ ኤም ዲ ኤፍ በማሽን ተቆርጦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። ከጀርባው ግድግዳ ነው። አየር አያስገባም፣ ብርሃን አያስገባም፣ የሚያስገባው አቧራ ብቻ ነው፤ እሱንም በጥርስ ብሩሽ የምናወጣው እኛ ነን። አየር የማያስገባ መስኮት ምን ይሠራል? እኔ ይህን ጥበብ አልለውም።

ስለ ቤቶቹ ደግሞ አንድ ልጨምር። ግድግዳቸው ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው የተሠራው፤ በየተወሰነ ከፍታ ግንድ በአግድም ይገባበታል። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ግንዱ ክብደቱን ያከፋፍልለታል፣ ግድግዳውንም አንድ ላይ ይይዘዋል። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ መገንባት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ዳሞ እንደዚያ ነው፤ ላስታ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስም እንደዚያ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ላይ ከድንጋይ የተቀረጹት የግንድ ጫፎችም የዚያ አሠራር ምስል ናቸው።

መካም ውስጥ ይህ ታሪክ አለ። አል-አዝረቂ የሚባለው የመካ ታሪክ ጸሐፊ እንደዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት ቁረይሾች ካዕባን እንደገና ሲሠሩ ሹዓይባ ወደብ ላይ የተሰበረ መርከብ እንጨት ገዙ። ሹዓይባ ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ነጃሺ አገር የተሳፈሩትም ከዚያ ነው ይባላል። አናጢው ባቁም ይባላል። ግድግዳውም 31 ረድፍ ነበረው፤ 16ቱ ድንጋይ፣ 15ቱ እንጨት። ባቁምን አንዳንዱ ዘገባ ሩማዊ ይለዋል፣ አንዳንዱ ቅብጥ ይለዋል። ክረስዌል የሚባለው የሕንፃ ታሪክ ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ አሠራሩን ከደብረ ዳሞ ጋር አነጻጽሮ፣ ባቁም ሐበሻ ነው፣ ስሙም “ዕንባቆም” ነው የሚለውን ሐሳብ ይዟል። ክርክሩ የምሁራን ነው፤ እኔ አልፈርድም። ደብረ ዳሞ ሴት አይገባም፤ መካ ደግሞ ክርስቲያን እህቶቻችን አይገቡም። ሁለቱንም አይታ የምትፈርድ ሴት ከመካከላችን የለችም። ግን ቢያንስ ይህን እናስታውስ፦ አንድ አናጢ ከነስሙ በታሪክ ተመዝግቧል። የጅዳን ሮሻኖች ከሠሩት አናጢዎች ስንቱን በስም እናውቃለን?

ትችቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስለ እነዚህ ቤቶች ሲወራ የሚጠራው ነጋዴው ነው። ትልቁ የነሲፍ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1881 ተሠራ፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉት እዚያ ነው። ደረጃው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ግመል ጭነቱን ይዞ ላይ ድረስ ይወጣበት ነበር ይባላል። ጎብኚ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን የጠየቅሁት ሌላ ነው፤ ግመሉ ከወጣ በኋላ ያራገፈው ማን ነው? ማብሰሉስ፣ አመዱን ይዞ መውረዱስ?

መልሱ ተጽፏል። ስኑክ ኸርግሮንየ የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ኖሮ ስለ ከተማዋ ኑሮ ጽፏል። በየቤቱ ከአገራችን ተሸጠው የመጡ ሐበሻ ሴቶች እንደነበሩ ይነግረናል። ከምጽዋና ከታጁራ ወደቦች በቀይ ባሕር የተሻገሩ ናቸው። ባርነት እዚህ አገር በሕግ የቀረው በ1962 ነው። ሴት አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ሮሻን “የቤቱ ሴቶች ሳይታዩ ውጭውን የሚያዩበት” ሲባል የቤቱ ሴቶች የሚለው እመቤቲቱን ብቻ አይደለም። ከኋላዋ ቆማ በዚያው ቀዳዳ መንገዱን ያየች የወሎ፣ የጅማ፣ የጉራጌ ልጅ ነበረች። እመቤቲቱ ከፈለገች አባያዋን ለብሳ ትወርዳለች። ያቺኛዋ ግን ቀዳዳው ብቻ ነበር ያላት።

ስለዚህ ፍርዴ ለሁለት ይከፈላል። በእንጨት ሥራ ሮሻን ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። ሳይታዩ ማየት ግን ጥሩ የሚሆነው በሩም ከተከፈተ ብቻ ነው። መስኮት የሰጠ ቤት ሁሉ ነፃነት ሰጠ ማለት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ከእኛ በላይ ማን አለ? አንዳንዶቻችን መስኮት በሌለው ክፍል ነው የምንተኛው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ጥሩ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጥቶን የእረፍት ቀን የለንም።

አሁን ስለ ጥገናው። ዩኔስኮ በለድን እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል፤ በ2019 ደግሞ ለ56 ሕንፃዎች መጠገኛ 50 ሚሊዮን ሪያል ተመድቧል። ጥሩ ነው። መካ የነበሩት ሮሻኖች አብዛኞቹ በማስፋፊያ ሥራ ጠፍተዋል፤ የአጅያድ ምሽግ በ2002 ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ 601 ሜትር የሆነው የሰዓት ማማ ቆሟል። ጅዳ ግን ቢያንስ የሚጠገን ነገር ተርፎላታል። ወጣቶችም በለድ ውስጥ የእንጨት ሥራ እየተማሩ ነው፤ ለደስታቸው ብለው መሮ የሚይዙ አሉ። በአጎቴ ቤት የነበረው ክርክር እዚህም መኖሩ አይቀርም፤ አሮጌው ይጠገን ወይስ በአዲስ ይተካ? እኔ ከጠጋኞቹ ጋር ነኝ። የተበላውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ አዲስ ቁራጭ መግጠም ይቻላል፤ ፍሬሙ የተሠራው ለዚህ ነው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲድን። ሁሉን አንስቶ አዲስ መቀባት ግን የድሮውን አናጢ እጅ ያጠፋል።

ግን እንጨቱ ብቻ ተጠግኖ ታሪኩ ግማሽ ከቀረ ጥገናው አላለቀም። የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ስለ አናጢውና ቤቱን ስላገለገሉት ሴቶች አንድ አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይጎዳል? ስማቸው ባይገኝም መኖራቸው ይገኛል።

እህቶቼ፣ ኢንሻአላህ አርብ ወጥታችሁ በለድ ከሄዳችሁ ከፎቶው በፊት ይህን አድርጉ። መጋጠሚያውን ፈልጉ፤ ሚስማር ያለበትንና የሌለበትን ለዩ። የተተካውን ቁራጭ በቀለሙ ታውቁታላችሁ። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቤት ካገኛችሁ ግቡና በቀዳዳው ወደ መንገዱ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ጻፉልን። የእኔን ፍርድ የምትቃወም ካለችም ትጻፍ፤ እዚህ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” የሚል አለ።